የዘርፉ ሁለት በርሜሎች

የገንደ ዲማ ሰው የትም ቢሄድ አገሩን የሚጠይቀው የለም፤ አፉን ሲከፍት ይታወቃል። ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ሜዳው መሃል የተቀመጠው ይህ መንደር የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ጥርስ ያበልዛል። የአንዱን ሻይ ያስመስለዋል፣ የሌላውን ጡብ፤ የከፋበትን ደግሞ እየሸራረፈ ይጨርሰዋል። ዱከም ፋብሪካ የተቀጠሩ የመንደሩ ልጆች ፎቶ ሲነሡ ከንፈራቸውን ገጥመው ስለሚቆሙ፣ አለቆቻቸው ኩራተኞች ይመስሏቸዋል ይባላል።

ዘርፉ የዚህ ውሃ ጠባቂ ናት። የቦኖውን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጠዋትና ማታ ጀሪካን ታሰልፋለች፣ የሚጋፋውን ትገሥጻለች፣ የተሰዳደቡትን ታስታርቃለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች፣ አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ሄዳ ነበር። ኃላፊው የእጅ ጽሑፏን ወደደው። አማርኛና ኦሮምኛ እኩል ማወቋንም ወደደው። ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ ስለምታወራ ጥርሷን አላየም። በመጨረሻ «እስቲ ፈገግ በይ» አላት። ፈገግ አለች። «እንጠራሻለን» ብሎ ሸኛት። ይኸው ሃያ አራት ዓመት ሆነ፤ ዘርፉ እስካሁን ስታወራው «ስልካቸው ተበላሽቶ መሆን አለበት» ትላለች።

ባሏ ጫምሳ ድሮ ከሰል እያከሰለ ይሸጥ ነበር፤ ከተከለከለ ወዲህ የአገዳ እርሻ ጥበቃ ሆኗል። አሥራ አራት ዓመት ልጅ አጥተው ቆይተው፣ መጠበቁን ከተዉት በኋላ አያንቱ ተወለደች። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሲሞላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለዘርፉ አንድ ነገር ነገረቻት። የወተት ጥርስ ሲነቀል የሚተካው ጥርስ ከአሁኑ ድድ ውስጥ እየተሠራ ነው፤ ልጅቷ እስከ ስምንት ዓመቷ የምትጠጣው ውሃ ቀለሙን ይወስነዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠጣ ውሃ ጥርስ አያበልዝም። ዘርፉ ጣቶቿን አጠፈች። አምስት ዓመት አላት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ አዳማ ትወጣና ከአክስቷ ልጅ ግቢ የከተማውን የቧንቧ ውሃ በሃያ ሊትር ጀሪካን ቀድታ በሚኒባስ ትመለሳለች። ረዳቶቹ ለምደዋታል። ጀሪካኑን ጭኗ ላይ አቅፋ ስትቀመጥ «ልጅሽ ወፈረች እኮ» ይሏታል። ውሃው ለአያንቱ ብቻ ነው፣ ለመጠጧና ለምግቧ። ምንም ቢቆጥቡት ሐሙስ ያልቃል። ከሐሙስ እስከ እሑድ ልጅቷ የጉድጓዱን ትጠጣለች። በእነዚያ ቀኖች አያንቱ ኩባያ ባነሣች ቁጥር ዘርፉ ፊቷን ታዞራለች።

በጎ ፈቃደኞቹ የመጡት በጥቅምት ነው። «ብሩህ እጆች» የሚባል የማኅበረሰብ ረድኤት ድርጅት ከባሕር ማዶ ያመጣቸው ስምንት ወጣቶች ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ካናቴራ ለብሰዋል። የሚቆዩት ሦስት ሳምንት ነው። ይዟቸው የሚዞረው የአዳማው ልጅ ፈዬራ ነው። ፈዬራ ፒካፕ ይነዳል፣ ያስተረጉማል፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ ከእሱ ትንሽ የምትበልጠውን ሴት ሁሉ «ማዘር» እያለ ይጠራል።

ወጣቶቹ አገራቸውን ጥለው፣ አንድ ቀን ሙሉ በአውሮፕላን ተጉዘው የመጡት የገንደ ዲማን ልጆች ጥርስ መፋቅ ሊያስተምሩ ነበር። የበሬ መንጋጋ የሚያህል የፕላስቲክ የሰው መንጋጋ ይዘዋል፤ ክንድ የሚያህል ብሩሽም አለው። ዘፈንም ነበረው። ልጆቹ እጅግ ተደሰቱ፤ የተደሰቱት ግን በመንጋጋው ነው። ከፈቃደኞቹ አንዱ፣ ቶማስ የሚባለው ረጅሙ ልጅ፣ ወደ ዘርፉ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ እንደማይሰማ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ብሩሽ ሰጥቶ፣ በፈዬራ አስተርጓሚነት ጠዋትና ማታ ብትፍቂው ይለቅልሻል አላት።

ዘርፉም መለሰችለት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ መፋቂያ ከአፏ ተለይቶ እንደማያውቅ፣ ጥርሷ እንዳልቆሸሸና የውሃው ሥራ መሆኑን፣ እናቷም አያቷም እንዲሁ እንደነበሩ፣ መጠየቅ ያለበት ጉድጓዱ እንደሆነ አስረዳችው። ብዙ አወራች። ፈዬራ ያን ሁሉ በሦስት ቃል ተረጎመው። ቶማስ ፈገግ አለና ሁለተኛ ብሩሽ ሰጣት።

ልጆቹን አሰልፈው ጥርሳቸውን ያስፋቋቸው በዚያው በጉድጓዱ ውሃ ነበር። ሲሄዱ ቦኖው ግንብ ላይ ሰሌዳ ሰቀሉ፤ «እዚህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፈገግታዎች ታጥበዋል» ይላል። ዘርፉ ማታ ማታ ጀሪካን ስታሰልፍ በዚያ ሰሌዳ ሥር ትቆማለች።

በጥር ደግሞ ሁለት ወር የሚቆዩ ሌሎች መጡ። ከእነሱ መካከል ኢንግሪድ የምትባል ምሕንድስና የምትማር ልጅ ነበረች። ይቺኛዋ መንጋጋ አልያዘችም። ከቦኖው ውሃ በብርጭቆ ቀዳችና ከትንሽ ጠርሙስ ቀይ ፈሳሽ ጠብ አደረገችበት። ቀዩ ቢጫ ሆነ። ሌላ ብርጭቆ ውስጥ የታሸገ ውሃ አድርጋ ጠብ ስታደርግበት ሮዝ ሆኖ ቀረ። ኢንግሪድ ፊቷ ቀልቶ ለጓደኞቿ ብዙ ነገረቻቸው። ፈዬራ ለዘርፉ ሲተረጉምላት፣ ችግሩ ያለው ለካ ውሃው ላይ ነው አለች፣ ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለበት አለች፣ አላት። ዘርፉ ይህን ለማወቅ ባሕር ማዶ ድረስ መማር የሚያስፈልግ መሆኑን ያን ቀን ተረዳች።

ያም ሆኖ ልጅቷ ሠራተኛ ነበረች። በሳምንቱ አንድ ትልቅ ሰማያዊ በርሜል አስመጥታ ታቹ ላይ ቧንቧ አስገጠመችና በጆንያ የመጣ ጥቁር ደቃቅ ጠጠር ሞላችበት። ውሃው ከላይ ይገባል፣ በጠጠሩ ውስጥ ያልፋል፣ ከታች ይቀዳል። ዘርፉ የበርሜሉም ጠባቂ ሆነች። ጠብታውን ኢንግሪድ በምልክት አስተማረቻት፤ ያለ ፈዬራ ሁለቱ በደንብ ይግባቡ ነበር። ዘርፉ ጠጠሩ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ፈዬራ ስልኩን እያየ «ከሰል ነው፣ ማዘር» አላት። ጫምሳ ከጠጠሩ ቆንጠር አድርጎ በጣቶቹ አሽቶ የእንጨት ከሰል እንዳልሆነ ተናገረ። ፈዬራ ሳቀበት።

ከበርሜሉ በወጣው ውሃ ላይ ጠብታው ሮዝ ሆኖ ቀረ። ዘርፉ ሦስት ጊዜ ሞከረችው። ከዚያ ለአያንቱ ቀድታ ሰጠቻት፤ ስትጠጣም ፊቷን ሳታዞር አየቻት። ያን እሑድ አዳማ አልሄደችም። በሦስት ሳምንት ውስጥ የቦኖው ሰልፍ ወደ በርሜሉ ዞረ፤ ሽማግሌውም ልጁም ከዚያ መቅዳት ጀመረ።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። «ብሩህ እጆች» የበርሜሉን ምርቃት ቀን የቆረጠው ልክ በዚያ ሳምንት ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው እንዲገባው ብላ ኢንግሪድ በራሷ እጅ የሣለችው ሰፊ ባነር በርሜሉ ጎን ተዘረጋ። መጀመሪያ ላም ናት። ከላሟ ቀስት ወጥቶ ወደ አጥንት ይሄዳል፤ ከአጥንቱ ወደ እሳት፣ ከእሳቱ ወደ ጥቁር ጠጠር፣ ከጠጠሩ ወደ በርሜል፣ ከበርሜሉ ጥርሱ ነጭ ወደሆነ የሚስቅ ሕፃን። ሥዕሉ ግልጽ ነበር። ከሚገባው በላይ ግልጽ ነበር።

የመንደሩ ባለሱቅ ሐጂ ሽኩር ቀስ ብለው ቀረቡና በከዘራቸው ላሟን ነካ አደረጓት።

«ይህቺን ላም ማን አረዳት?»

«ሐጂ፣ ተቃጥሏል እኮ። አመድ ነው በሉት» አለ ፈዬራ።

«አመድ መሆኑን አልጠየቅሁህም። ማን አረዳት ነው ያልሁህ።»

«ማንም ይሁን ያረዳት» አሉ ከኋላ የሰበካ ጉባኤው ጋሼ መርዳሳ። «አንተ ልጅ፣ በሁዳዴ አጥንት አጠጣኸን?»

ፈዬራ አጥንቱ ከአንድ ቦታ የመጣ እንዳልሆነ፣ ከየቄራው የተሰበሰበና የተቀላቀለ መሆኑን ነገራቸው። ሊያረጋጋቸው ብሎ ነው። ከዚህ የከፋ መልስ ግን አልነበረም።

እንግዶቹ ይህን አለማወቃቸው አያስገርምም። በአዳማ ግን የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የእስላም ሥጋ ቤት በየምልክታቸው ተለይተው እንደሚቆሙ የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። ሠርግ የሚደግስ ክርስቲያን ለሙስሊም ወዳጆቹ በሬውን የሚባርክ ሰው ከነቢላው ይጠራል፣ ድስቱን ይለያል፣ አሳላፊውን ይለያል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ማንም ማንንም አይቀየምም። ፈዬራ በዚህ መካከል ያደገ ልጅ ነው። ጥንቱንም «ከሰል ነው» ያለው ስለሚያውቅ ነው።

ኢንግሪድ ሰዎቹ ምን እንደሚሉ ጠየቀችው። እሱም የሆነ ነገር ነገራት፤ ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ያመሰገኗት መስሏት ነበር።

ሐጂ ሽኩርና ጋሼ መርዳሳ በአንድ የአጥር ወሰን ምክንያት ስምንት ዓመት ሳይነጋገሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ጎን ለጎን ሆነው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ በርሜሉ ጋ የመጣችው ጴንጤዋ ኑኃሚን ብቻ ነበረች። «እናንተ እስክትስማሙ ሰልፍ የለም፤ ተመስገን ነው» ብላ ሁለት ጀሪካን ሞልታ ሄደች። የቀረው ሰው ወደ ቦኖው ተመለሰ። ለዘርፉ ግን እንደ ድሮው አልሆነላትም። በገዛ እጇ አጥንት ያጠጣችን እሷ ናት ይሉ ጀመር፤ ሰላምታ የሚነፍጓትም ነበሩ። እሷም ለአያንቱ ከበርሜሉ የምትቀዳው ጓሮ ዞራ፣ ሰው አለመኖሩን አይታ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፈዬራ መጣና ተጠቃሚ ስለሌለ በርሜሉ ወደ አርሲ ነገሌ ሊዛወር መሆኑን፣ ቅዳሜ መኪና እንደሚመጣ ነገራት። ዘርፉ እስከ ቅዳሜ ሰዎቹን ላነጋግር አለችው። እንደ ፈለግሽ አላት።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቄሱ ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንደማይጾም፣ ወተቱንም ሥጋውንም እንደሚበላ አረጋገጡላት። ይህን ይዛ ጋሼ መርዳሳ ቤት ገባች። ሐጂ ሽኩርንም እዚያው አስጠራች፤ ሐጂ ያንን ደጅ ከረገጡ ስምንት ዓመታቸው ነው።

«የእናንተ ጥርስ አንዴ ሄዷል» አለቻቸው። «የእኔም ሄዷል። ከወንዝ ቢቀዳ፣ ከሰማይ ቢወርድ አይመለስም። ይህ ውሃ የሚያስፈልገው ለሕፃናቱ ነው። ሕፃናት ደግሞ አይጾሙም።»

ጋሼ መርዳሳ የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው እግራቸው ሥር ቆሎ ስትለቅም አዩ። «ጾሙስ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «የማን እርድ እንደሆነ የማይታወቀውስ?»

«እንዲታወቅ እናድርገው። እናንተ ያረዳችሁትን አጥንት እናንተ ስጡኝ። ሐጂም ያረዱትን ይስጡኝ። ሁለት በርሜል ይሆናል።»

«ቢስሚላህ የተባለበት ከሆነ» አሉ ሐጂ ሽኩር፣ «እኔ ምን ቸገረኝ? ልጆቹ ይጠጡ።»

ነገሩ ሻይ ሳይቀርብ አለቀ። ዘርፉ እዚያው ደጅ ላይ ቆማ ለፈዬራ ደወለች። ሁሉንም በደስታ ነገረችው፤ አንድ በርሜል አለን፣ አንድ ብቻ ጨምሩልን፣ አጥንቱን እኛ እናመጣለን አለችው።

ፈዬራ ካዳመጣት በኋላ አይሆንም አላት። ቅጹ ላይ የተሞላው ተጠቃሚ ስድስት መቶ አርባ ሰው ነው፤ ሕፃናቱ መቶ እንኳ አይሞሉም። ደግሞም ሁለት በርሜል ማቆም ማኅበረሰቡን በሃይማኖት መከፋፈል ነው፤ ድርጅቱ የቆመው ለአንድነት ነው።

«ማንን ልታስታርቅ ነው?» አለችው። «የተጣላ የለም እኮ። ስምንት ዓመት የተኳረፉት እንኳ በእናንተ ምክንያት ታረቁ።»

«ማዘር፣ አልገባሽም።»

«እኔ አንተን አልወለድሁም» አለችና ዘጋችበት።

ቅዳሜ ፒካፑ መጥቶ በርሜሉን ከነጠጠሩ ጫነ። ኢንግሪድ አለቀሰች። ዘርፉ ለማባበል ጊዜ አልነበራትም፤ ክንዷን ይዛ ጎተተቻትና መሬት ላይ እሳት በእንጨት ሣለችላት፣ አጥንት ሣለችላት፣ እጇን ዘርግታ «እንዴት?» አለቻት። ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ደብተር አወጣች። አጥንቱ የሚነደው ተከድኖ፣ አየር እንዳይገባው ተደርጎ፣ ቀስ እያለ መሆኑን በሥዕል አሳየቻት። ጫምሳ ከኋላ አንገቱን አስግጎ አየና «ይሄማ ከሰል ማክሰል ነው» አለ። ሃያ ዓመት የሠራውን ሥራ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። ኢንግሪድ ከመሄዷ በፊት የጠብታዋን ጠርሙስ ዘርፉ እጅ ላይ አደረገችላት።

የዒድ ሰሞን ሐጂ ሽኩር ከየሙስሊሙ ቤት አጥንት አሰብስበው በጆንያ ላኩላት። በዚህ የተቀየመ ቢኖር የመንደሩ ውሻ ብቻ ነው። ጫምሳ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አጥንቱን ደርድሮ፣ በአፈር ደፍኖ ለኮሰ። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነኝ ብሎ እንደ እንጨቱ በአንድ ቀን ከፈተው። በዚያ ጠጠር ውስጥ ያለፈው ውሃ የተቃጠለ ጠጉር ይሸት ነበር። ሐጂ ቀመሱትና «ለካ ፈዬራ ይሻለን ነበር» አሉ። በሁለተኛው ጊዜ አራት ቀን ጠበቀው። የወጣው ጠጠር ጥቁር፣ ደረቅ፣ ሽታ የሌለው ሆነ። ወቀጡት፣ ነፉት፣ አጠቡት፣ ከአዳማ በተገዛ በርሜል ሞሉት። ጠብታው ሮዝ ሆነ። የሙስሊሞቹ ሕፃናት በማግስቱ መጠጣት ጀመሩ።

ፋሲካ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። ከክርስቲያን ቤት አጥንት የሚገኘው ያኔ ነው። ዘርፉ በየቀኑ ያንን በርሜል ለሙስሊሞቹ ልጆች ትከፍታለች፤ የእሷ ልጅ ጎኗ ቆማ ታያለች። ሐጂ ሽኩር አንድ ሐሙስ ይህን አዩና አዘኑ።

«ዘርፉ፣ ልጅ ናት። አጠጫት፤ ማን ይናገርሻል?»

«ሐጂ፣ እኔ ራሴ ያወጣሁትን ደንብ እኔ ካፈረስሁት ነገ መርዳሳ አጥንት ይሰጠኛል?»

ዘርፉ ሦስቱንም እሑድ ጀሪካኗን አቅፋ አዳማ ተመላለሰች። ሦስቱንም ሐሙስ ውሃው አለቀ። አያንቱ የጉድጓዱን ስትጠጣ ፊቷን አላዞረችም፤ ቆማ አየቻት፣ እያየችም ቀኑን ቆጠረች። የፋሲካ ሥጋ ተበልቶ አጥንቱ ሲመጣ ጫምሳ አምስት ቀን ደፍኖ አቆየው። ሁለተኛው በርሜል ከመጀመሪያው ጎን ቆመ። መቶ የማይሞሉ ልጆች ጠዋት ጠዋት ኩባያቸውን ይዘው በሁለት መስመር ይቆማሉ፤ የኑኃሚን ልጆች ባጠረው መስመር ይገባሉ።

በግንቦት ፈዬራ ተመልሶ መጣ። ወሬው ደርሶታል። አዲስ ካናቴራ የለበሱ አሥር ፈቃደኞች ይዟል፤ በርሜሎቹ ላይ የሚለጠፍ የድርጅቱን ምልክትም አሳትሟል። ዘርፉን አቅፎ ሳማት፤ አኮራሽን፣ ይህ እኮ የዘራነው ዘር ፍሬ ነው አላት። ፈቃደኞቹ ካሜራቸውን አውጥተው ልጆቹን እንዲስቁ ያባብሏቸው ጀመር። አያንቱ ከመስመሩ ወጥታ ሳቀችላቸው። ጥርሷ እንደ ወተት ነጭ ነበር። ፈቃደኞቹ በአድናቆት ተያዩ፤ አንዷ ባነሩ ላይ የነበረው ሕፃን ይኸው አለች፤ ይህን ፈዬራ ራሱ ተረጎመው።

ዘርፉ ልጇን ከካሜራው ፊት ወደ መስመሩ መለሰቻት።

«ይሄ የወተት ጥርስ ነው» አለች። «የወተት ጥርስ እዚህ መንደር ድሮም ነጭ ነው፤ የእኔም ነጭ ነበር። ዋናው ገና ድዷ ውስጥ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ኑ። ያኔ ነጭ ከሆነ ታነሡታላችሁ። በልዞ ከወጣም ታነሡታላችሁ።»

«አምስት ዓመት?» አለ ፈዬራ። «ፕሮጀክቱ እኮ ሰኔ ላይ ይዘጋል።»

«እንግዲህ ዝጉት» አለችው፤ ዞር ብላም ተራው የደረሰውን ልጅ ኩባያ ተቀበለችና ቧንቧውን ከፈተች።